አጎቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ
በራያ ቆላ የዝርያዎች መዳቀል

ሐምሌ ሲገባ የቆቦ ሜዳ በማሽላ ይሸፈናል። በሚያዝያ የተዘራው ቡቃያ ወደ ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ እንደገና ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ሥራው ሽልሻሎ ይባላል። ማረሻው በቆመው ሰብል መካከል እያለፈ አፈሩን ያላላል፣ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍና የክረምቱን ዝናብ የሚይዝ ትልም ያወጣል። ከኋላ የሚከተሉት ደግሞ አረም ይነቅላሉ፣ የተጨናነቀውን ያሳሳሉ። ከሚነቀለው መካከል ግን የለመደ ዓይን እንኳ የሚሳሳትበት አንድ ተክል አለ። ቅጠሉ የማሽላ ነው፣ አገዳውም የማሽላ ነው፣ የቆመውም በማሽላው መካከል ነው። ማንነቱ የሚለየው ዘለላ ሲያወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ዘለላው የተበተነ፣ ፍሬው ቀጫጫ፣ ማጭድ ሳይነካው መሬት ላይ የሚረግፍ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ተክል አስቦ የዘራው ሰው የለም። አንደኛው ወላጁ በማሳ ዳርና በወንዝ ዳር የሚበቅለው የዱር ማሽላ ነው፤ ሌላኛው ወላጁ ገበሬው የሚወደው የራሱ ማሽላ ነው። ነፋስ የአንዱን የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው አደረሰ፤ ከሁለቱ የተገኘው ፍሬ ከመልካሙ ዘር ጋር ከርሞ ወይም አስቀድሞ መሬት ላይ ረግፎ በዓመቱ በቀለ።

ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ተገናኝተው ሦስተኛ ሲያስገኙ ነገሩ መዳቀል ይባላል። በራያ ቆላ ይህ ከማሽላው አልፎ በየቤቱ አለ። ተራራውን የምትወጣው በቅሎ የመዳቀል ውጤት ናት። የሰንጋው ሻኛ፣ የእንጀራው ጤፍ፣ የቡናው ፍሬና የሎሚው ዛፍም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ መዳቀል የተፈጸመው ሰው ከመኖሩ በፊት ነው፤ አንዳንዱ ባለፈው ክረምት ነው።

ቃሉ ራሱ ከባድ ሸክም አለበት። “ዲቃላ” በአማርኛ ስድብ ነው፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ሰው ለማዋረድ ሲነገር ኖሯል። የግብርና ባለሙያዎች ከዚያው ሥር “ማዳቀል” እና “ድቅል” የሚሉትን ወስደው ለዘርና ለከብት ሥራ አዋሏቸው። በዛሬው የገበሬ ማሠልጠኛ “ድቅል ዘር” ሲባል የሚያፍር የለም። ሳይንሱም ነቀፋ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሁለቱ ወላጆች ምን ያህል ተራርቀው እንደቆዩና ልጃቸው መውለድ መቻል አለመቻሉን ብቻ ነው።

የበቅሎ ዝምድና

“በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች” ይላል ተረቱ። የሚተረተው ዝቅ ያለ ወገኑን ደብቆ በታላቁ ዘመዱ ለሚመካ ሰው ነው። ዝምድናውን ለቆጠረ ግን በቅሎ አልዋሸችም። እናቷ ባዝራ፣ አባቷ ወንድ አህያ ናቸው፤ ስለዚህ ፈረስ የእናቷ ወንድም፣ አጎቷ ነው። ተረቱን የፈጠሩት ሰዎች በቅሎ እንዴት እንደምትገኝ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ድንጉላ ፈረስና እንስት አህያ ቢገናኙም የሚወለድ አለ። ያኛው ግን እምብዛም አይረባም፤ ፅንሱ የሚይዘውም በችግር ነው። የዓለም በቅሎ አርቢዎች በሙሉ ባዝራን ለእናትነት፣ አህያን ለአባትነት የመረጡት ለዚህ ነው።

የፈረስና የአህያ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ውስጥ የዘር መረጃቸውን የሚሸከሙት ክሮሞሶሞች በቁጥርም በቅርጽም ተለያይተዋል፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ እኩሌታውን ስለሚወርስ በቅሎ 32 ከእናቷ፣ 31 ከአባቷ ተቀብላ 63 ይኖራታል። ለመኖር፣ ለመሮጥና ለመሸከም 63 ምንም አይጎድለውም። ችግሩ የሚመጣው የራሷን የዘር ሕዋስ ለመሥራት ክሮሞሶሞቿን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ማሰለፍ ሲኖርባት ነው። የእናቷና የአባቷ ወገኖች ቢፈላለጉም አይገጣጠሙም፤ አንዱም ያለ ጥንድ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በቅሎ አትወልድም። እንስት በቅሎ ወለደች ተብሎ በሐኪሞች የተረጋገጠበት ጊዜ በዓለም ዙሪያ በጣም ጥቂት ሲሆን ከእነዚህ መካከል በቻይናና በሞሮኮ የታዩት ይገኙበታል። ወንዱ ወልዶ አያውቅም።

ታዲያ የማትወልድ እንስሳ ለሺዎች ዓመታት ስለምን ትፈለጋለች? ከሁለቱም ወላጆቿ የምትበልጥበት ነገር ስላለ ነው። የፈረሱን ቁመትና እርምጃ ከአህያው ጽናት፣ ከጠንካራ ሰኮናና ጥቂት በልቶ ከማደር ጋር ይዛለች። ባለሙያዎች ይህን የድቅል ብርታት ይሉታል። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው እንግዳ፣ ከቆላው ገበያ ሸቀጡን ጭኖ ወደ ደጋ የሚመለሰው ነጋዴ ገደሉን የሚያምኑት በበቅሎ እግር ነው። ዋጋዋም ከዚህ የመጣ ነው፤ እያንዳንዷ በቅሎ እንደ አዲስ ከባዝራና ከአህያ መገኘት አለባት። አሜሪካኖች ይህን ለማለፍ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ከበቅሎ ሕዋስ የተቀዳ ወንድ በቅሎ በባዝራ ማኅፀን አሳድገው አስወለዱ። ስሙንም አይዳሆ ጀም አሉት። የገበሬውን መንገድ ግን አልተካውም።

በግና ፍየል በአንድ በረት እያደሩ ለምን እንዲህ አይሆኑም ለሚል መልሱ ተመሳሳይ ነው። በግ 54፣ ፍየል 60 ክሮሞሶም አላቸው። አልፎ አልፎ ቢፀንሱም ፅንሱ በአብዛኛው አይዘልቅም።

የሰንጋው ሻኛ

ራያ በበሬው የታወቀ አገር ነው። የራያ ከብት ቀንደ ትልቅ፣ ቁመተ መልካም ነው፤ በእርሻም በሥጋም ይፈለጋል። የከብት ሳይንስ ሊቃውንት የራያን፣ የአፋርንና በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ሌሎች ባለ ትልልቅ ቀንድ ከብቶችን በአንድ ወገን መድበው የሚጠሩበት ስም “ሳንጋ” ይባላል። ስሙ ከእኛው “ሰንጋ” ጋር አንድ መሆኑ አይገርምም፤ ወደ ዓለም መጻሕፍት የገባው ከዚህ አካባቢ ቋንቋዎች ነው።

ሳንጋ የሁለት ዓለም ልጅ ነው። በአንድ በኩል ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ የኖረው ሻኛ አልባ ከብት አለ። በሌላ በኩል ከደቡብ እስያ በባሕር በኩል የመጣው ዜቡ፣ ትልቅ ሻኛና የተንዘረፈፈ የአንገት ቆዳ ያለው፣ ሙቀትንና ጥማትን የሚችል ከብት አለ። የሁለቱ ቅድመ አያቶች የተለያዩት በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ስለሆነ ብዙ ሊቃውንት እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጥሯቸዋል። የክሮሞሶም ቁጥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም 60 አላቸው። ስለዚህ በቅሎን ያገኛት መካንነት ሳንጋን አላገኘውም። ሻኛው እንኳ ታሪኩን ያሳያል፤ እንደ ዜቡ ገዝፎ ጀርባ ላይ አይቆምም፣ ትንሽ ሆኖ ወደ አንገት ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ16 የአፍሪካ ከብት ዝርያዎችን 172 ከብቶች ሙሉ የዘር መረጃ መርምሮ ነበር። በአፍሪካ ቀንድ የሚገኘውን ከብት ዛሬ ባለበት መልክ የቀረጸው ትልቁ መቀላቀል የተከናወነው ከ750 እስከ 1,050 ዓመታት በፊት መሆኑን አመለከተ። በዛጉዌ ነገሥታት ዘመንና ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በነበረው ዘመን ማለት ነው። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰውን መረጃ ብንከተል የአፍሪካ ከብት ከሞላ ጎደል ወደ ሻኛ አልባዋ ላም ይመልሰናል። በአባት በኩል የሚወረሰው ደግሞ በብዙ መንጋ የዜቡ ነው። እረኞቹ የራሳቸውን ላሞች እንደያዙ የእንግዳውን ኮርማ ተቀብለዋል ማለት ነው። ላሟ የአገሩን በሽታ የመቋቋም ልምድ አወረሰች፤ ኮርማው የሙቀትና የድርቅ ትዕግሥትን ጨመረ። መርከብ ኮርማውን አምጥቶ ይሆናል፤ ከልጆቹ የትኛው ለዘር እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚኮላሽ የወሰነው ግን እረኛው ነው።

ከማለዳው 12፡45

ጤፍን ማንም ድቅል ነው ብሎ አይጠረጥርም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ የጤፍ ቅንጣት ውስጥ የሁለት የተለያዩ ሣሮች የዘር መረጃ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ከእያንዳንዱ 20፣ በድምሩ 40 ክሮሞሶም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የጤፍ ጂኖም ጥናት ሁለቱ ወላጅ ሣሮች ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደተለያዩና ከ1.1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደገና በአንድ ተክል እንደተገናኙ ገምቷል። ያኔ ጤፍን የሚያጭድ ሰው አልነበረም።

በቅሎን ያገደው ችግር ጤፍን ያላገደው ተክሎች መውጫ ስላላቸው ነው። የተዳቀለ ተክል አንዳንዴ ክሮሞሶሞቹን በሙሉ በስህተት እጥፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከራሱ ቅጂ ጋር ይጣመራል፤ መካኑ ይወልዳል፣ አዲስ ዝርያም ይጀመራል።

በዚህ መንገድ የተገኙት ብዙ ናቸው። የአበሻ ጎመን፣ ገበሬው ጎመን ዘር የሚለው፣ የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ልጅ ነው። ሰናፍጭ 16፣ ጥቅል ጎመን 18፣ ጎመን ዘር 34 ክሮሞሶም አላቸው፤ ሒሳቡን እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ናጋሃሩ ኡ የተባለ በጃፓን የሠራ ሊቅ ነው። ቡናችንም የሮቡስታና ዩጂኒዮይድስ የተባለ ሌላ የዱር ቡና ልጅ ነው፤ ሁለቱ የተገናኙት ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ሎሚ ደግሞ፣ ክሮሞሶሙን እጥፍ ሳያደርግ፣ ትርንጎ ከሌላ የእስያ ወገኑ ጋር የወለደው ነው።

ተፈጥሮ ጤፍን እንዲህ በቀላሉ ካዳቀለች የሰው እጅ ለምን ዘገየ? አበባው እጅግ ትንሽ ስለሆነና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ነው። ለብዙ ዓመታት ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶ/ር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በእርግጥ እንደሚከፈት፣ የሚከፈተውም በማለዳ ለጥቂት ደቂቃዎች መሆኑን ደረሱበት፤ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች ከንጋት በፊት ተነሥተው፣ በማጉያ መነጽር ሥር በቀጭን መርፌና መቆንጠጫ የአንዱን አበባ ወንዴ እየነቀሉ የሌላውን ብናኝ ያኖሩበት ጀመር።

ከዚያ ጠባብ ሰዓት ከወጡት ዝርያዎች በገበሬው ዘንድ የታወቀው ቁንጮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ በገበያ የሚወደደውን የማኛን ንጣት ዱከም ከሚባለው ጤፍ ምርታማነት ጋር ያጣመረ ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ ርቀው ቀይ ሙሪ የተባለውን ጤፍ ከቅርብ የዱር ዘመዱ ጋር አዳቅለዋል። የዱሩ ሣር አጭርና ቶሎ የሚደርስ በመሆኑ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ለሚያቆምበት አገር ቶሎ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

አቀንጭራ፣ አብሽርና ጎብዬ

ወደ ማሽላው እንመለስ፤ በቆቦ ሕይወት ያለው እዚያ ነው። ማሽላ እንጀራ ነው፣ ጠላ ነው፣ እሸት ነው፤ ጥንቅሹ ለልጆች፣ አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለማገዶ ነው። ጅጉርቲና ደጋሌት የተባሉት የአገሩ ማሽላዎች ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በማሳ ላይ ይቆያሉ።

የዱርና የእርሻ ማሽላ ከአንድ ወገን የተለያዩ ቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሁለቱም 20 ክሮሞሶም ስላላቸው ልጃቸው እንደ ልቡ ይወልዳል። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከፊሉ አበባ ከጎረቤት ብናኝ ይቀበላል። ተስፋዬ ተሶ፣ ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በኒጀር ዞረው ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጥናት ስንመለከት፣ የዱሩና የእርሻው ማሽላ በብዙ ቦታ ጎን ለጎን ወይም ተቀላቅለው ይበቅላሉ፤ የሚያብቡበትም ጊዜ ይገጣጠማል። ልጆቻቸው የዱሩን የመርገፍ ጠባይ ይወርሳሉ። ማጭድ ሳይደርስ የረገፈ ፍሬ ለጎተራ ይጠፋል፤ ለማሳው ግን ለመጪው ዓመት የተዘራ አረም ነው።

መዳቀል ከዚህም የከፋ አረም ያወጣል። የእርሻ ማሽላ ከሩቅ የእስያ ዘመዱ ጋር ተገናኝቶ ክሮሞሶሙ 40 የሆነ ሣር አስገኝቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ አላባማ ለከብት መኖ ብለው ዘሩት፤ ከዘሪዎቹ በአንዱ ስም ጆንሰን ሣር ተባለ። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንዱ ስለሚስፋፋ ዛሬ በዓለም እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉ አረሞች አንዱ ነው።

በማሳው ዳር ያለው የዱር ማሽላ ግን መድኃኒትም ይዟል። የቆቦ ገበሬ ከማንም ይልቅ የሚያማርረው ጠላት አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባ ያላት ይህች ተክል ከመሬት በላይ ስትታይ ውብ ናት፤ ከመሬት በታች ሥሯን በማሽላው ሥር ላይ ተክላ ምግቡንና ውሃውን ትጠጣለች። አንዷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከአቧራ የማይበልጥ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያፈልቀው ቅመም ሲደርሰው ብቻ ነው። ማሽላው ሳያውቅ ጠላቱን ይጠራል።

ይህን ጥሪ አዳምጠው ያፈኑት ከኦሎንኮሚ የተነሡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሚያነቃቃውን ቅመም በጣም ጥቂት የሚያፈልቁ ማሽላዎችን ለይተው ጠባዩን ምርታማ ወደሆኑት በማዳቀል አሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የእነዚህ ዝርያዎች 8 ቶን ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ከተለቀቁት ሁለቱ አብሽርና ጎብዬ ይባላሉ። አብሽር ማለት በወሎ አይዞህ ነው። ጎብዬም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ስም ነው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ተመራማሪዎች አቀንጭራን በሌላ መንገድ የሚከላከሉ ማሽላዎችን ሲፈልጉ ደግሞ ከዱሮቹ መካከል ሥራቸው የአቀንጭራን ንክሻ ሲቀበል ዙሪያውን ገድሎ የሚያግድ አግኝተዋል። ሽልሻሎ ላይ እየተነቀለ የሚጣለው ዘመድ እንዲህ ያለ ሀብት ይዟል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ከዚያ ቀደም ብለው በሱዳን ሃጊን ዱራ 1 የተባለ ድቅል ማሽላ አውጥተው ነበር፤ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሃጊን በዐረብኛ ድቅል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዘር እንደ በቅሎ ብርቱ ነው፤ ግን እንደ በቅሎም ብርታቱን አያወርስም። መካን አይደለም፣ ፍሬው ይበቅላል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት አንዳንዱ ወደ አንደኛው አያቱ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላኛው አያቱ ስለሚያደላ ማሳው ይዥጎረጎራል። ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት አለበት። የራሱን ዘር መርጦ ማኖር ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ወሎ ራሱም ለዓለም አዳቃዮች ያበረከተው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ተመራማሪዎች በሺዎች ከሚቆጠሩ የዓለም ማሽላዎች መካከል ላይሲን የተባለው አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበዛባቸውን ሁለት ብቻ አገኙ፤ ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። ገበሬዎቹ ይህን ዓይነት ማሽላ ቀድሞውኑ ለይተው “ወተት በጉንጬ” ብለውታል፤ በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት ይዘሩትና እሸቱን ጠብሰው ይበሉታል። አዳቃዮቹ ጠባዩን ወደ ምርታማ ማሽላ ለማዛወር ሲሞክሩ ግን ፍሬው እየተጨማደደና እየቀለለ አስቸገራቸው። አንድን መልካም ጠባይ ከሌላው ነጥሎ መውሰድ ሁልጊዜ አይቻልም።

ድንበሩ ሲፈርስ

መዳቀል ለሚጠፋ እንስሳ ሌላ ትርጉም አለው። ከቆቦ በስተምዕራብ ወደ አቦሆይ ጋራና አቡነ ዮሴፍ ከፍታዎች ለወጣ ሰው ቀይ ቀበሮ የሚገኝበት ውርጫማ ሜዳ ይታየዋል። በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ሁሉም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘር ምርመራ በባሌ ወብ ሸለቆ አንዳንድ እንስት ቀበሮዎች ከወንድ ውሾች እንደወለዱ አረጋገጠ። የበዛው ወገን ጥቂቱን ሲያገኘው ልጆቹ እያደር ወደ ብዙኃኑ ይሳባሉ፤ ጥቂቱ ሳይሞት ይጠፋል። ውሾች ከዚህ ሌላ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያመጡ በመንደሮቹ ዙሪያ ውሻን መከተብና ቁጥሩን መቆጣጠር የጥበቃው ዋና ሥራ ሆኗል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከዞብል ተራራ ባሻገር በአፋር በረሃ፣ የቤት አህያ የመጣበት ወገን የሆነው የዱር አህያ በጥቂት መቶዎች ቀርቷል። አዳኝና ድርቅ ያዋክቡታል፤ ከቤት አህዮች ጋር መቀላቀሉም ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ነው። የበቅሎ አባት ምንጭ እንዲህ በአደጋ ላይ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አኑቢስና ሃማድሪያስ የተባሉ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች በወንዙ ዳር ይገናኛሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቅርብ የሚጠኑት ልጆቻቸው ጤነኞችና ወላዶች ናቸው። ያም ሆኖ ሁለቱ ወላጅ ዝርያዎች ከዚያ ክልል ውጭ እንደየመልካቸው ጸንተው ኖረዋል።

ከምድጃው በላይ

በ1977ቱ ረሃብ ራያና ወሎ ያጡት ሰው ብቻ አልነበረም። የተራበ ቤት መጨረሻ ላይ የሚበላው ዘሩን ነው፤ ለብዙ ትውልድ የተመረጠ የማሽላ ዓይነትም በአንድ ድስት ሊያልቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ የአገሩን ዘር ሰብስቦ በቅዝቃዜ ማኖር ጀምሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ዶ/ር መላኩ ወረደ ግን ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይኖርም ብለው ከገበሬው ማሳ ጋር እንዲያያዝ ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉትም ለዚህ ሥራቸው ነው። በማሳ ላይ ያለ ማሽላ ከጎረቤቱና ከዱር ዘመዱ ጋር እየተዳቀለ፣ ከድርቁና ከአቀንጭራው ጋር እየታገለ በየዓመቱ ይለወጣል። አዳቃይ ሳይንቲስት ነገ የሚፈልገው ጠባይ ዛሬ በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ እየተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

በኅዳር ማሽላው ይጠነክራል። አጫጆች ከመግባታቸው በፊት ዘር የሚመርጠው ሰው በማሳው ውስጥ ብቻውን ይዘዋወራል። ፍሬው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን፣ አቀንጭራ በተሰማራበት ቦታ እንኳ የቆመውን ዘለላ ይቆርጣል፤ ሲነኩት የሚረግፈውን ይተወዋል። የተመረጡት ዘለላዎች ታስረው በማድቤት ከምድጃው በላይ ይሰቀላሉ፤ ነቀዝ እንዳይደፍራቸው ጭሱ እስከ ሚያዝያ ያጥናቸዋል። የተተወው ዘለላ ፍሬ ደግሞ በማሳው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ዝናብ ይጠብቃል።